የትም የማያደርስ መንገድ

በእኛ ከተማ ሰው የሚራመደው አንድ ቦታ ለመድረስ ነው። ከቤቱ የወጣ ሰው ወይ ወደ ገበያ፣ ወይ ወደ መስጊድ፣ ወይ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። እንዲሁ የሚሄድ የለም፤ ካለም ስለ እሱ የሚወራው በሹክሹክታ ነው። ጅማ ውስጥ ሰላምታው ራሱ ምርመራ ነው። «አካም» ብሎ የጀመረ ሁሉ «ኤሳ ዴምታ?» ብሎ ይጨርሳል፤ የት ትሄዳለህ ማለቱ ነው። ጠያቂው ክፋት የለበትም። ወይ አብሮ ሊሸኝ ነው፣ ወይ ዕቃ ሊልክ ነው፣ ወይ ማታ ለሚስቱ የሚያወራላት ነገር አጥቶ ነው።

ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ሐኪሙ አባቴን «ይራመዱ» ባለው ሰሞን በቤታችን የወረደው መዓት እንዲገባችሁ ነው።

አባቴ እንጨት ሠሪ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በርጩማ፣ ወንበርና ሶፋ ሲሠራ ኖሯል፤ የሰፈራችን ሰው አብዛኛው የሚቀመጠው በእሱ እጅ ሥራ ላይ ነው። ሰውን በማስቀመጥ የኖረ ሰው በስተርጅና ተነሥና ሂድ ተባለ። ስኳር ተገኘበት። ሐኪሙ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ወረቀቱን እያገላበጠ «አባባ፣ በየቀኑ ካልተራመዱ መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም። እግርዎ መደንዘዝ የጀመረው ለዚህ ነው» አለው። ከዚህ በላይ ማስፈራራት አላስፈለገውም። ከሱቃችን ፊት ለፊት ስኳር አንድ እግራቸውን የወሰደባቸው ጎረቤታችን ቀኑን ሙሉ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። የሚቀመጡበትን ወንበርም የሠራው አባቴ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወጣ። ገና ከሰፈር ሳይርቅ ባጃጆች አጠገቡ እየቆሙ «ይግቡ አባባ፣ ሒሳብ የለውም» ይሉት ጀመር። አልገባም ሲል ተጨነቁ። እኩለ ቀን ላይ አክስቴ ደውላ ሱቁን ዘጋችሁት ወይ አለች። አመሻሹ ላይ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች መጡና እናቴን ለብቻዋ ጠርተው ምን ብታስቀይሚው ነው እንዲህ ከቤት ወጥቶ የሚንከራተተው አሏት። እናቴ እውነቱን መናገር አትችልም፤ በሽተኛ መሆኑ ከተሰማ እሱ ዘንድ ቀብድ የሚተው አይኖርም፣ ሠርቶ መጨረሱን የሚያምንም አይኖርም። ስለዚህ ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ መርቀዋት ሄዱ።

በሌላው ቀን አባቴ ብልሃት አገኘሁ ብሎ ሜትሩን በእጁ ይዞ ወጣ። ሜትር የያዘ አናጢ የሆነ በር ሊለካ ይሄዳል እንጂ አብዷል አይባልም። በእርግጥም አልተባለም። ይልቅስ «እንኳን መጣህ፣ የእኛንም በር ለካልን» እያሉ በየደጁ አስገቡት። በየቤቱ አስቀመጡት፤ በየቤቱ ስኳሩ ከሥር የተኛ ሻይ ቀረበለት፤ በየቤቱ አልጠጣም ማለት ነውር ሆነበት። ሲመለስ ላብ በላብ ነበር፤ ከመራመዱ ግን አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ መራመድ ተወ። ለሐኪሙ «ጓሮ ውስጥ እዞራለሁ» ይለው ነበር። ጓሯችን በጣውላ የተሞላ ስለሆነ የሚዞርበት ድመት ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በኪቶ ፉርዲሳ በኩል ባለ ገላጣ ጉብታ ላይ፣ ሕዝብ የሚዝናናበት ደን እንዲተከል ተወሰነና ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም አባል ሆንኩ። የተመረጥኩት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደን ስላጠናሁና ስለማልናገር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ሚዛን ደፍቷል፤ ስሜ ሲነሳ አንዱ «አዎ፣ እሷ ጥሩ ናት፣ አትጨቃጨቅም» ሲል ሰምቻለሁ። ሊቀመንበራችን ቡና አቅራቢ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፣ እጃቸውም አይሰስትም፤ ብቻ መኪና ከገዙ ወዲህ እግራቸው መሬት የሚነካው ከመኪናው ወርደው ወንበር እስኪያገኙ ድረስ ነው።

የተከላው ቀን የከተማው ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ ዓይነት ቲሸርትና ኮፍያ ታደለ። ችግኙ ለጉብታው በሙሉ የሚበቃ ነበር፤ ጉድጓዱም ቀድሞ ተቆፍሯል። ችግሩ ካሜራው ያለው አስፋልቱ ዳር መሆኑ ነው። እንግዳ የተባለ ሁሉ እዚያው ካሜራው ፊት መትከል ስለፈለገ የመንገዱ ዳር እንደ ማሽላ ማሳ ተጠጋግቶ ተተከለ። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሰው ሲከራከርም አይቻለሁ። እኔ «እባካችሁ ትንሽ ራቅ ራቅ» አልኩ፤ ግን ያልኩት በልቤ ሳይሆን አይቀርም፣ የሰማኝ የለም። ከጉብታው ጀርባ ያለውን፣ ማንም ፎቶ የማያነሳውን ዋንዛና ግራቪሊያ፣ ዝግባና ብሳና የተከሉት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ ደን የምንለው እሱን ነው። የክቡራን እንግዶቹ ችግኝ በሚቀጥለው በጋ እርስ በርሱ ተሻምቶ አለቀና በአስፋልቱ በኩል አንድ ገላጣ በር የመሰለ ቦታ ቀረ። ከመንገድ ሆኖ ወደ ውስጥ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከተከላው በፊት የደኑን ንድፍ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። የጉብታውን እግር ተከትዬ፣ ሜዳ ሜዳውን ብቻ መርጬ፣ ዞሮ የሚመለስ የእግር መንገድ ሣልኩበት። ለማን ብዬ እንደሣልኩት ለማንም አልተናገርኩም። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን በመንገዱ ላይ አስኬዱት። ጣታቸው ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ሲደርስ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ መንገድ የት ነው የሚያደርሰው?»

«የተነሱበት ቦታ ነው» አልኩ።

«የተነሳሁበት ቦታ ለመድረስ ታዲያ ለምን እነሳለሁ?»

ሳቁ። ኮሚቴውም ሳቀ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ የሆኑት ቅቤ ነጋዴዋ እናት ብቻ አልሳቁም። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ስብሰባ ላይ የሚመጡት ዘንቢላቸውን ይዘው ነው፤ ሻይ እስኪመጣም ይተኛሉ። ያን ቀን ግን ነቅተው ወረቀቱን አዩና «እንዲያው ቁልቁለት አለው?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። «ደግ» አሉና ተመልሰው ተኙ።

ሊቀመንበሩ ሐሳባቸውን አስረዱ። ሰው መዝናናት ሲፈልግ ይቀመጣል። ስለዚህ ከአስፋልቱ ቀጥ ብሎ ጉብታው ጫፍ የሚወጣ የመኪና መንገድ፣ ጫፉ ላይ ትልቅ ዳስ፣ ዳሱ ሥር ወንበር፣ ከሥር ሜዳው ላይ መኪና ማቆሚያ። «ወንበሩን አባትሽ ይሠራዋል» ብለው ጨመሩ፣ ደስ እንዲለኝ። ሐሳቡ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። አንድ ድምፅ የሚባለው የእኔም ዝምታ ተደምሮበት ነው። ብቻ ለመኪና መንገዱ ገንዘብ አልነበረም፤ ንድፍም አልነበረውም። ቆፋሪዎቹ እጅ የገባው የእኔ ወረቀት ስለነበር ዙሪያ መንገዱን ክፍት ትተው ግራና ቀኙን ተከሉት። ማንም ሳይፈቅድለት እንዲሁ ቀረ።

የጅማ ዝናብ ለዛፍ ደግ ነው። ግራቪሊያው በሁለተኛው ክረምት ከሰው ቁመት አለፈ። ትንሽ ጥላ መጣል እንደጀመረም ከሥሩ ማን እንደተከለው የማይታወቅ ቡና ብቅ ብቅ አለ። የእኛ አገር ሰው ጥላ ባዶውን ሲቀመጥ ማየት አይችልም። አባቴን ለማባበል የጠበቅሁት ይህንኑ ጊዜ ነበር። «ዛፉ ይሸፍንሃል፣ የሚያይህ የለም» አልኩት።

«ሰው ደን ውስጥ ምን ትሠራለህ ቢለኝስ?»

«ዋንዛውን ልታይ መጣህ።»

ይህ ተስማማው። አባቴ ዛፍ ሲያይ ጣውላ ነው የሚታየው፤ ውሸት እንኳ አይሆንበትም። በነጋታው ከሱብሒ ሶላት በኋላ አብረን ሄድን። ግንዱን እየዳበሰ «ይሄ ገና በርጩማ ነው፣ ያኛው ከአሥር ዓመት በኋላ ቁምሳጥን ይወጣዋል» እያለ አንድ ዙር ጨረሰ። ሳያውቀው መራመዱ ነበር።

ቀስ በቀስ ብቻችንን እንዳልሆንን ተረዳን። ቅቤ ነጋዴዋ እናት ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሲጠየቁ ቅጠል እየፈለጉ ነው፤ ቅጠል ሲቆርጡ ግን አይቼ አላውቅም። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ዣንጥላ ይዘው የሰማዩን ሁኔታ ለማየት ይመጣሉ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውኃ በሌለበት ውኃ ይፈልጋል። ሁሉም እየዞረ ነው፤ የሚዞር ግን የለም።

የመጀመሪያው ችግር ሰላምታ ነበር። ግማሹ በቀኝ፣ ግማሹ በግራ ስለሚዞር በእያንዳንዱ ዙር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ተገናኝቶ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ቆመው፣ እጅ ተያይዘው፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል» ይባባላሉ። ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዱና ከጉብታው ወዲያ ማዶ እንደ አዲስ ይገናኛሉ። እንደ አዲስ ይጠያየቃሉ። በዚህ መካከል በልጆቹም በዝናቡም ላይ የተለወጠ ነገር የለም። አባቴ ጠዋቱን ሙሉ ቆሞ ይመለስ ጀመር።

አስተማሪው መላ አመጡ፦ ሁላችንም በአንድ አቅጣጫ እንዙር። ዞርን። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ችግር መጣ። ታላቅን ቀድሞ ማለፍ ነውር ነው። ከፊት ያለው እግሩ የደነዘዘው አባቴ ነው፤ እሱ ቀስ ይላል። አስተማሪው ከእሱ ስለሚያንሱ አይቀድሙትም። ቅቤ ነጋዴዋ እናት ወንዶቹን አይቀድሙም። ሾፌሩ ሁሉንም አይቀድምም፤ አሥራ ስምንት ጎማ የሚያስጋልብ ሰው ጀሪካኑን ታቅፎ ከኋላ በአንደኛ ማርሽ ይጎተታል። እኔ ከሁሉም ኋላ ነኝ። እንዲህ ተሰልፈን፣ ዝም ብለን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ በአባቴ እግር ልክ እንዞራለን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቹ የተከሉት ደርቆ ገላጣ በሆነው ቦታ በኩል ስናልፍ ከሰርቦ ለገበያ የሚመጣ ሰውዬ ከአስፋልቱ ሆኖ ተመለከተን። ዶሮዎቹን በእግራቸው አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሏል። ቆመ፤ ከዚያ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ ውስጥ ገባና ዝም ብሎ ከኋላዬ ተሰለፈ። ባጃጅ ውስጥ የነበሩም ወርደው ገቡ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ። ዶሮዎቹም የሐዘን ቤት ያለ ይመስል ድምፅ አላሰሙም። ግማሽ ዙር ያህል ከሄድን በኋላ ሰውየው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኢና ሊላሂ… ማን ነው የሞተው?» አለኝ።

ጥያቄውን ለሾፌሩ አስተላለፍኩ። ሾፌሩ ለቅቤ ነጋዴዋ፣ እሳቸው ለአስተማሪው፣ አስተማሪው ለአባቴ ጆሮ አደረሱት። አባቴ ዞር ሳይል መለሰ፤ መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ እኔ ዘንድ ደረሰ።

«ገና አልተወሰነም በለው።»

ሰውየው ይህን ሲሰማ ቆመ፤ አንድ በአንድ አየን፤ ዶሮዎቹን በሌላ እጁ አዛውሮ ወጣ። በዚያ ሳምንት ገበያ ውስጥ ጉብታው ላይ የሚዞሩ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው የሚለው ወሬ ብዙ መልስ አገኘ። አንዱ መሬቱን ሊከፋፈሉ ነው አለ፤ ሌላው ወርቅ ተቀብሯል አለ። ሊራመዱ ነው ያለ አልነበረም።

ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰ፤ የመንገዱ ገንዘብም በዚያው ሰሞን ተገኘ። አንድ ጠዋት ስንዞር ግሬደር በአስፋልቱ ዳር ቆሞ አገኘነው። ሊቀመንበሩ ከመኪናቸው ወርደው ካርታቸውን ግሬደሩ ጎማ ላይ ዘርግተዋል። መንገዱ ዙሪያውን ሁለት ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ ሜዳው በሙሉ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። የሚቀረው ዳገቱ ነው፤ ዳገት ደግሞ የአባቴ እግር አይወጣም።

ሊቀመንበሩ ግን ፍትሕ ያውቃሉ። ሰልፉን አስቆሙና «ማንንም መጉዳት አልፈልግም። ይሄን የእግር መንገድ የምትጠቀሙበት ካላችሁ ንገሩኝ» አሉ።

«እኔ እንኳ ለቅጠል ነው የመጣሁት» አሉ ቅቤ ነጋዴዋ እናት።

«ሰማዩን ለማየት ነው» አሉ አስተማሪው፣ ዣንጥላቸውን ከፈት አድርገው።

ሾፌሩ ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«አንተስ?» አሉት አባቴን።

«ዋንዛውን ለማየት ነው። ለዳሱ ወንበር የሚሆን ካለ ብዬ።»

«መሻአላህ፣ እንዲህ ነው የሚያስብ ሰው» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ወደ ግሬደሩ ዞረውም «የሚጠቀምበት የለም፣ ጀምር» አሉ። ሞተሩ ተነሳ።

አባቴ ጎማውን እያየ ቆሟል። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ የሚያሳየው ፊት ነው። ለከተማው ሁሉ ወንበር ሲሠራ የኖረ ሰው ለእግሩ የሚሆን አንዲት ቃል ማውጣት አልቻለም። እኔ ደግሞ በሰው ፊት መናገር የማልችል ሰው ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተራዬ ሲደርስ የሚያመኝ ተማሪ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ሞተሩን ለመብለጥ መጮህ ነበረብኝና ጮኽኩ።

«አባቴ ስኳር አለበት! የሚመጣው ለመራመድ ነው። ይሄ ከተቆረጠ ሌላ የሚራመድበት የለውም።»

የግሬደሩ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። አባቴ አላየኝም። አስተማሪው ዣንጥላቸውን ዘጉ። ጆሮዬ ይነድ ነበር። መጀመሪያ የተናገሩት ቅቤ ነጋዴዋ እናት ናቸው፤ ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው «ደም ብዛት» አሉ፣ ስማቸውን እንደሚያስመዘግቡ ሁሉ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ደም ብዛት ነው።»

«እኔ ሁለቱም አለብኝ» አሉ አስተማሪው ፈጠን ብለው።

ሾፌሩ ወገቡን ይዞ ዲስክ ነው አለ። አስተማሪው ዲስክ ብቻውን ምን አላት አሉት፣ እሳቸው ኮሌስትሮልም እንዳለባቸው ጨመሩ። ቅቤ ነጋዴዋ ቅቤ እየሸጡ መቅመስ መከልከላቸውን ተናገሩ፤ በዚህ የሚያሸንፋቸው አልተገኘም። ከአፍታ በፊት ለቅጠልና ለሰማይ የመጣ ጤነኛ ሕዝብ ነበር፤ አሁን በጉብታው ላይ ጤነኛ የተባለ የግሬደሩ ሹፌር ብቻ ቀረ፤ እሱም ጨጓራዬ አለ። ሊቀመንበሩ ካርታቸውን እያጠፉ «ታዲያ በሽተኛ መሆናችሁን ማን ነገረኝ?» አሉ። የመኪና መንገዱ ከጉብታው ጀርባ በኩል እንዲወጣ፣ ማቆሚያውም ከዙሪያው ውጭ እንዲሆን አዘዙ። ጥቂት ቆይቶ ዙሪያው መግቢያ ላይ «የጤና መንገድ» የሚል ሰሌዳ ቆመ። በምረቃው ቀን ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የእሳቸው እንደነበረ ሲናገሩ አጨበጨብኩ። አትጨቃጨቅም ተብዬ የለ።

ቤት ውስጥ ግን ምረቃ አልነበረም። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ለሠርግ ሶፋ ያዘዘ ደንበኛ መጥቶ ጤናውን አብዝቶ ጠየቀ፤ አይዞህ አለ፤ ዱዓ አደረገ፤ ከዚያ ቀብዱን መልሶ ተቀብሎ ሄደ። አባቴ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመ። ጨው ሲፈልግ እናቴን «ጨው አቀብይኝ በያት» ይላታል። እናቴ ሁለታችንንም ትሰማና ጨውን ራሷ ታነሳለች። አጠፋሁ ብዬ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም።

ጠዋት ጠዋት ጉብታው ላይ መሄዱን አላቋረጠም፤ የሚሄደው ግን ከእኔ ቀድሞ ነው። ስከተለው ይፈጥናል። እኔ ስፈጥን እሱ ይብሳል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አስተማሪው ከኋላው ማለክለክ ጀመሩ፤ ቅቤ ነጋዴዋ እናት ሰልፉን ጥለው በራሳቸው ርምጃ ቀሩ፤ ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። አባቴ የኮረፈ ጀርባውን አሳይቶኝ በግራቪሊያው መካከል ይሰወራል፤ ዋንዛውን ቆሞ መዳበስም ተወ።

ለቀጠሮው አብሬው የሄድኩት እናቴ ስላስገደደችው ነው። ሐኪሙ ውጤቱን አየ፣ የድሮውን አወጣና ጎን ለጎን አስቀመጠ፣ እግሩን በጣቱ እየነካ «ይሰማዎታል? እዚህስ?» አለው። ይሰማኛል አለ።

«ስኳሩ በጣም ወርዷል እኮ አባባ። ምን አድርገው ነው?»

አባቴ ጥቂት አሰበና በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ይቺ ልጅ አናደደችኝ።»

ሐኪሙ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «እንግዲያው እንዳትታረቂው» አለኝ።

አባቴ ሳቀ። ወዲያው መሳቁ ትዝ አለውና ፊቱን አጠቆረ፤ ጫማውን አጥልቆ፣ ክሩን እንኳ ሳያስር፣ ቀድሞኝ ወጣ።